ሁለት ድስት፣ አንድ ሽሮ

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች በጅማ በተዘጋጀ የሽኝት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ልትሸኙ ከአጋሮም ከሊሙም የመጣችሁ ወላጆች፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሻንጣ ይዛችሁ የምትወጡ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ኦልታን።

አዘጋጆቹ «ስለ እምነት፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ውጭ አገር ኑሮ ተናገር» ሲሉኝ ሦስቱን ለየብቻ ላቀርብ አስቤ ነበር። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን አልለያይ አሉኝ። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ አንድ ወጥ ቤት ነው።

ወጥ ቤቱ ያለው ቤልጅየም፣ ሉቨን በምትባል ከተማ ነው። ከብራስልስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ዩኒቨርሲቲዋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1425 የተመሠረተ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በ1914 በጀርመን ወታደሮች ተቃጥሎ ተሠራ፤ በ1940 እንደገና ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቆየ ትብብር ስላለው እዚህ ካሉት መምህራን ብዙዎቹ ያውቁታል። እኔ የሄድኩት በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጎደለኝ ምን መሰላችሁ? እንጀራ አይደለም፤ ሰዓት ነው። ጅማ ያደገ ሰው ሰዓት አይቶ አይነሣም። ሌሊት አዛኑ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ቅዳሴው አለ። ረቡዕና ዓርብ መሆኑን ለማወቅም ቀን መቁጠሪያ አያሻም፤ ምግብ ቤት ስትገቡ «የጾም ነው የፍስክ?» ትባላላችሁ። ራሴን ጠንካራ ጿሚ አድርጌ እቆጥር ነበር። ጾሜን ትጠብቅልኝ የነበረችው ከተማዋ መሆኗን የተረዳሁት ሉቨን ስደርስ ነው። እዚያ ዓርብን የሚያስታውስ የለም። አንድ ዓርብ የተማሪዎች ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ሥጋውን ካጋመስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ቅቤና ወተት የሌለበት ነገር ስጠይቅ አስተናጋጇ «ቪጋን ነህ?» አለችኝ። ከማስረዳት አዎ ማለት ስለቀለለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ቪጋን ሆንኩ። ሐሙስ ዶሮ ስበላ ያየችኝ ቀን ግን በጣም ታዘበችኝ።

ወላጆች ሁልጊዜ «ልጄ እምነቱን ጥሎ ይመለስ ይሆን?» ብለው ይጠይቁኛል። የሚጥል አለ፤ አልዋሻችሁም። ነገር ግን እኔ ያየሁት፣ የሚያስጥለው ሳይንሱ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሄዱን በ1927 የጻፈው ዦርዥ ለሜትር እዚያው ሉቨን ያስተማረ ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ የካቶሊክ ቄስ ነበር። መጻሕፍቱን አትፍሯቸው። የምትፈሩት ከሆነ እሑድ ከሰዓት በኋላን ፍሩት።

ጓደኛዬን ያገኘሁት የጋራ ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲያቁላላ ነው። እንዲህ የሚያቁላላ ሰው ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። የአጋሮ ልጅ ነው። እዚህ ጅማ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ስንማር ሰላምታ እንኳን ተለዋውጠን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ብንተዋወቅም ጓደኛ የምንሆን አይመስለኝም። እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ እሱ ከመስጊድ ጓደኞቹ አንለይም ነበር።

እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በሠርግ ቤት ሁለት ሠንጋ፣ ሁለት ባራኪ። እሱ የእኔን እርድ አይበላም፣ እኔም የእሱን። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ወር ሁለት ድስት ገዛን። እንዳይሳሳቱ በእሱ ድስት እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር አሰርንበት፤ የማቀዝቀዣውንም መደርደሪያ ተካፈልን። አንዲት ቤልጅየማዊት የክፍል ጓደኛችን ይህን አይታ አዘነች። «እንዲህ ተዋዳችሁ ድስት ትለያላችሁ?» አለችን። ለማስረዳት ተቸገርን። ለእኛ መዋደዱ ያለው እዚያው ድስቱ ላይ ነበር፤ እሱ በሌለበት በእሱ ድስት ሥጋ እንደማልሠራበት ያውቃል። «ልዩነታችሁን ተዉትና አንድ ሁኑ» የሚለው ምክር እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ክሩን ማሰር ከዚያ የበለጠ አሳብ ይጠይቃል።

ስለ እሷም ልንገራችሁ። ከእሷ ጋር ቡና ለመጠጣት ማስታወሻ ደብተር ይገለጣል፤ «ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ» ትላለች። እንዳትቀየሙ። ያ ሐሙስ ሲደርስ በዝናብ፣ በብስክሌት፣ ደቂቃ ሳታዛንፍ ትመጣለች። «መጣሁ፣ መጣሁ» እያልን በዚያው የምንቀረው እኛ ነን።

ያ ዓመት ቀላል ዓመት አልነበረም። ለገና ብራስልስ ሳስቀድስ አድሬ፣ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ፓሪስ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ አዘጋጆች በጥይት ተገድለው ነበር። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ባቡር ሲሳፈር አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄድ ጀመር። እኔ እየሄድኩ ተቀመጥኩበት። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

በሚያዝያ ተራው የእኔ ሆነ። ሚያዝያ 11፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችን ሲገደሉ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። በዕድሜ የምትበልጡ ታስታውሳላችሁ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ማታ ተንኳኳ፤ ጓደኛዬ ነው። አጋሮ ላይ ለቅሶ እንደሚደረስ አድርጎ ደረሰኝ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ መሬት ተቀመጠ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም፤ እሱ የሠራው ነገር አልነበረምና። ቡና አፈላ። ጀበና አልነበረንም፤ በትንሽዬ ብረት ድስት ነው የፈላው፣ አተላውም በጣም በዝቶ ነበር። ሳንነጋገር ሦስተኛውን ጠጣን። በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ጾመ ሐዋርያት ግንቦት 24 ጀምሯል፤ ረመዳን ሰኔ 11 ገባ። ጅማ ቢሆን የሰኔ ረመዳን አሥራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሉቨን ግን በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ጾሙ ከአሥራ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ቀን እጅግ በሚረዝምበት አገር በመካ ሰዓት መጾም ይቻላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እሱ ግን «ፀሐይዋን በመስኮት እያየኋት እንዴት መሽቷል ልበላት?» አለ። የእኔ ጾም እስከዚያ አያስጠብቅም፤ ሆኖም ብቻውን እንዳያፈጥር ራቴን ወደ 4 ሰዓት አዞርኩት። ሽሮ ባራኪ አይፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድስት በቃን፤ ክር ያለበት ይሁን ክር የሌለበት ማንም አልጠየቀም።

ያቺ የክፍል ጓደኛችንም አንድ ማታ ተምር ይዛ መጣች። በፈጣሪ መኖር አታምንም። ከቁርስ በኋላ ምንም እንዳልቀመሰች የነገረችን ሽሮው ሲቀርብ ነው። «እናንተ እየራባችሁ እኔ ጠግቤ መምጣት ከበደኝ» አለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር የምትጎርሰው።

ሐምሌ 5 የእኔ ጾም ተፈታ። ረመዳን ሊያልቅ ገና ቀናት ቀርተውት ነበር። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ እሱ ውኃ እንኳን ሳይቀምስ ምድጃው ላይ ቆሟል፤ እንቁላል ይጠብስልኛል። ጨው መብዛት አለመብዛቱን መቅመስ ስለማይችል «እስኪ አንተ ንገረኝ» አለኝ። በዝቶ ነበር። አልነገርኩትም።

አረንጓዴ ክር የታሰረበት ድስት አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ስንለያይ ተለዋውጠን ነው። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ያው እዚያ ጠረጴዛው ሥር ካርቶን ውስጥ አለ። ክዳኑ ጠሟል፤ ሽሮ ግን ያበስላል። ከመካከላችሁ ሉቨን የምትሄዱ ካላችሁ ስትወጡ ውሰዱት።