ሊጥ፣ ድኝና ቀያይ ሰይጣኖች፦ ስለ አሮጌ የምትሃት መጻሕፍትና ፖስተሮች የተደረገ ውይይት

እመቤት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን። ከደብረ ማርቆስ የምናሰማችሁ የዛሬው ውይይት የመድረክ ምትሃተኞች ትተዋቸው ስላለፉት መጻሕፍት፣ ፖስተሮችና የሥራ ዕቃዎች፣ እንዲሁም እነዚህን እየፈለጉ ስለሚሰበስቡ ሰዎች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ጋሽ ይበልጣል፣ እንደምን ሰነበቱ?

ይበልጣል፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመቤት። እኔ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ እየቆጠርሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በእኛ አገር አንድ ሰው «የአስማት መጽሐፍ አለው» ከተባለ ጎረቤት እሳት መጫጫሩን ያቆማል፤ ልጁን የሚድርለትም አይገኝም። ስለዚህ አድማጭ ርእሱን ሰምቶ ፊቱን ሳያዞርብን፣ የምንነጋገረው ስለ ጠንቋይ ደብተር ሳይሆን ገንዘብ ተከፍሎበት በአዳራሽ ስለሚታይ ትርኢት መሆኑን አጥብቀሽ ብትናገሪልኝ ደስ ይለኛል።

እመቤት፦ ያንን ልዩነት ከእኔ በፊት አጥብቆ የተናገረው፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚመኙት መጽሐፍ ራሱ ነው። የእንግሊዝ አገር የኬንት ሰው የነበረው ሬጂናልድ ስኮት በ1584 ለንደን ላይ ያሳተመው ይህ «የጥንቆላ መገለጥ» የተሰኘ መጽሐፍ የተጻፈው ምትሃት ለማስተማር አልነበረም። በዘመኑ ድኾችና አሮጊቶች «ጠንቋይ ናችሁ» እየተባሉ ለፍርድ ይቀርቡ፣ ይሰቀሉም ስለነበር፣ ስኮት ክሱ ከንቱ መሆኑን ለማስረዳት ተነሣ። ሰው በዓይኑ አይቶ «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» የሚለው ነገር በእጅ ቅልጥፍና ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ሲል፣ ሳንቲም እንዴት እንደሚሰወር፣ የመጫወቻ ካርታ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ወስፌ ምላስን የበሳ መስሎ እንዴት እንደሚታይ አንድ በአንድ ዘረዘረ። የሐሰተኞቹን ወስፌዎችና ቢላዎች አሠራር በሥዕል ጭምር አስቀምጦታል።

ይበልጣል፦ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ የሚያሳይ ትርኢትም አለበት ይባላል። ይህ እንኳ በእኛ ዘንድ ድፍረት ነው።

እመቤት፦ ያንን ስም ያወጡለት ተጫዋቾቹ ናቸው እንጂ ስኮት አይደለም። አሠራሩን ግን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ገጽ ነው። ጠረጴዛው ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ሰው በጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ራሱን በአንደኛው ቀዳዳ ወደ ታች ይሰድዳል፤ ስለዚህ ተመልካች የሚያየው ራስ የሌለው አካል ነው። ሌላው ሰው ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ራሱን በሁለተኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ያወጣል፤ በዙሪያው ሳሕን ስለተደረገ የተቆረጠ ራስ በሳሕን የቀረበ ይመስላል። በአንገቱ ዙሪያ በበሬ ደም የተለወሰ ሊጥ ይለጠፍበታል፤ ሊጡ ሲቀዘቅዝ የሞተ ሥጋ መልክ ይይዛል። ከፊት ለፊቱም በፍም ላይ ድኝ ያጨሱበታል፤ በዚያ ብርሃን ፊቱ የሬሳ ፊት ይመስላል።

ይበልጣል፦ እንግዲህ ያንን ሁሉ ሕዝብ ያስጮኸው ሊጥና ድኝ ነው! አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ጎረቤቱን በጥንቆላ ለመክሰስ አፉ እንደ ልቡ የሚታዘዝለት አይመስለኝም። መጽሐፉን የሚያስመኘው ዕድሜው ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ።

እመቤት፦ የመጽሐፉ ዕጣ ፈንታ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በ1651 እንደገና ታተመ፤ በ1665 በወጣው እትም ላይ ግን ስሙን ያልገለጸ ሌላ ሰው መናፍስትን ስለ መጥራት የሚናገሩ ምዕራፎችን ጨመረበት። ጥንቆላን ለመካድ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የድግምት ትምህርት ገባ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች «የትኛው እትም ነው?» እያሉ የሚጨነቁት ለጉራ ብቻ አይደለም፤ በሦስቱ እትሞች መካከል የዘመኑ ሰው አስተሳሰብ ሲወዛወዝ ይታያል።

ይበልጣል፦ ከስኮት በኋላ የመጡት መጻሕፍትስ?

እመቤት፦ በ1634 «ሆከስ ፖከስ ጁኒየር» የሚባል፣ ከዳር እስከ ዳር ስለ ምትሃት ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመ። ከዚያ በብዙ እንዝለልና 1876 ላይ እንድረስ። በዚያ ዓመት «ፕሮፌሰር ሆፍማን» በሚል የብዕር ስም አንጀሎ ሉዊስ የሚባል ጠበቃ፣ «ዘመናዊ ምትሃት» የተሰኘ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ በፊት ሙያው በአብዛኛው ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር በቃል የሚተላለፍ ስለነበረ፣ ማንም ሰው ገዝቶ ሊማርበት የሚችል እንዲህ ያለ የተሟላ መጽሐፍ መታተሙ ምስጢራቸውን በሚጠብቁት ባለሙያዎች ዘንድ ቅሬታ አስነሥቷል። እኔ ግን አንድ ጀማሪ ሰብሳቢ ቢጠይቀኝ ከዚህ መጽሐፍ ጀምር እለዋለሁ። ደጋግሞ ስለታተመ የኋለኞቹ እትሞች እንደ ስኮት መጽሐፍ ብርቅ አይደሉም፤ በብዙዎቹም ላይ የቀድሞ ባለቤቶች በኅዳጉ የጻፉት ማስታወሻ አለ።

ይበልጣል፦ የተጻፈበት መጽሐፍ ዋጋው አይቀንስም?

እመቤት፦ በተራ ልብ ወለድ ላይ የተሞነጫጨረ ነገር ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። እዚህ ግን የጻፈው ሰው ባለሙያ ከሆነ፣ «ይህ አይሠራም፣ መሐረቡ አጭር ይሁን» ብሎ የተወው አንድ መስመር ከታተመው ገጽ በላይ ሊጠቅም ይችላል።

ይበልጣል፦ ይህን የብራና መጻሕፍት አገር ሰው አይከራከርሽም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን በወንጌሉ ኅዳግና በባዶው ቅጠል ላይ የመሬት ስጦታ፣ የርስት ክርክር፣ የመጽሐፉ ለጋሽ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የታሪክ ተመራማሪ መጥቶ መጀመሪያ የሚገልጠው ያንን ነው። የመጽሐፉ ጉዞ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

እመቤት፦ ሰብሳቢዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ ፊርማ ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ከሌለው፣ «ይህ የእገሌ ዘንግ ነበር» የሚለው የሻጭ ወሬ ከወሬነት አያልፍም። ከእስራት በማምለጥ ትርኢቱ የታወቀው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ ራሱ ታላቅ ሰብሳቢ ነበር፤ በ1926 ከሞተ በኋላ 3,988 ጥራዝ ያህል መጻሕፍቱ በ1927 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል።

ይበልጣል፦ ሁዲኒ ስሙን ያገኘው ከአንድ ፈረንሳዊ ነው አይደል?

እመቤት፦ አዎ፣ ከሮቤር ሁዳን። ሮቤር ሁዳን የብሉዋ ከተማ ተወላጅ፣ በሙያው ሰዓት ሠሪ የነበረ ምትሃተኛ ነው። ሁዲኒ በወጣትነቱ አምልኮት ስሙን ወሰደ፤ በ1908 ደግሞ «የሰው ሥራ ነው የሰረቀው» ብሎ የሚያብጠለጥል መጽሐፍ አሳተመበት። ሁለቱን መጻሕፍት፣ የሮቤር ሁዳንን ግለ ታሪክና የሁዲኒን ክስ፣ ጎን ለጎን በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጥ የሰብሳቢዎች ደስታ ነው።

ይበልጣል፦ ስለ ሮቤር ሁዳን እኔም የምለው አለኝ። በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄሪያ ላከው፤ ዓላማውም ሕዝቡ ከሚሰማቸው የሃይማኖት ሰዎች ይልቅ የፈረንሳይ ኃይል እንደሚበልጥ ማሳየት ነበር። አንዲት ትንሽ ሣጥን አምጥቶ ጉልበተኛ ሰው እንዲያነሣት ጋበዘ፤ ሰውዬው መጀመሪያ በቀላሉ አነሣት፤ «አሁን ጉልበትህን ወስጄዋለሁ» ካለው በኋላ ግን ቢታገል ከመሬት ንቅንቅ አልል አለችው። ከወለሉ ሥር የተሰወረ ኤሌክትሮማግኔት ነበር። ስኮት ድኻን ከፍርሃት ለማዳን የገለጠውን ዓይነት ጥበብ፣ ይህ ሰው ሌላውን ለማስፈራራትና ለማስገበር አዋለው። ለጥበቡ አድናቆት ቢኖረኝም ለአጠቃቀሙ የለኝም።

እመቤት፦ ለዚህ መከራከሪያ የለኝም። ወደ ፖስተሮቹ እንሂድ፤ እኔ ማተሚያ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንሁ ልቤ ያለው እዚያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የምትሃተኛ ፖስተር ይታተም የነበረው በሊቶግራፊ ነው። ሠዓሊው ከባቫሪያ በሚመጣ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ቀለሙ በቅባቱ ላይ ብቻ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ የየራሱ ድንጋይ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሲንሲናቲው ስትሮብሪጅ፣ በጀርመን የሃምቡርጉ አዶልፍ ፍሪድሌንደር በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ፍሪድሌንደር በፖስተሮቹ ላይ ቁጥር ያትም ስለነበር፣ ሰብሳቢዎች የሕትመቱን ዘመን የሚገምቱት በዚያች ትንሽ ቁጥር ነው።

ይበልጣል፦ ያሳየሽኝን የአሜሪካዊውን ምትሃተኛ የኬላርን ፖስተር አልረሳውም። ባለ ሙሉ ልብሱ፣ ራሰ በራው ጨዋ ሰው ቆሟል፤ ጆሮው ሥር ግን ትንንሽ ቀያይ ሰይጣኖች ያንሾካሹኩለታል። ይህን በሳሎኔ ብሰቅለው የነፍስ አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ነው የሚወጡት!

እመቤት፦ ሰይጣኖቹ የማስታወቂያ ቀልድ ናቸው፤ ተመልካቹም ያውቀው ነበር። ሃሪ ኬላር በ1908 ባልቲሞር ላይ መድረኩን ለሌላው ምትሃተኛ ለሃዋርድ ተርስተን ሲያስረክብ፣ ሰይጣኖቹም አብረው የተላለፉ ያህል በተርስተን ፖስተሮች ላይ ቀጥለዋል። አንድ ምልክት ከባለቤት ወደ ባለቤት እንደ ውርስ ሲያልፍ ማየት የሚቻለው ወረቀቶቹን አንድ ላይ ስትሰበስብ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ፖስተሩ የተሠራው እንዲጠፋ መሆኑ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝናብ አወረደው፣ የሚቀጥለው ማስታወቂያ ተለጠፈበት። እስከ ዛሬ የደረሰው በአብዛኛው ሳይለጠፍ በማተሚያ ቤት መጋዘን ወይም በቴአትር ቤት ጓዳ የቀረው ነው።

ይበልጣል፦ ሥራውን የሠራው ጠፋ፣ ሥራ የፈታው ተረፈ በይኛ! እኛም ከተማ በመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ክረምትን አይሻገርም። ለመሆኑ አሮጌውን ከአዲስ ቅጂ የሚለየው ምንድን ነው?

እመቤት፦ ማጉያ መነጽር ይበቃል። በዘመናዊ ማሽን የተባዛ ቅጂ በመነጽር ሲታይ እንደ ወንፊት ቀዳዳ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች ይወጡበታል። በድንጋይ የታተመው ግን ሥርዓት የለሽ የእርሳስ ጭረት ወይም ሠዓሊው በእጁ የነካካቸው የማይመሳሰሉ ነጥቦች አሉት። ፊት ላይ ያለውን ጥላ ማየት ይሻላል፤ ልዩነቱ እዚያ ቶሎ ይገለጣል። መጠኑም ይናገራል፤ የተለመደው ፖስተር ወደ 70 በ105 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ በጣም ያነሰ ከሆነ ጥርጣሬ ይገባል።

ይበልጣል፦ ዋጋውስ?

እመቤት፦ ዋጋውን ለጨረታ ቤቶች እንተውላቸው። የታዋቂው ሰብሳቢ የሪኪ ጄይ ስብስብ በ2021 ኒው ዮርክ በሶዝቢስ ጨረታ ሲቀርብ፣ ነገሩ የኪስ ገንዘብ ጨዋታ አለመሆኑ ታይቷል። ነገር ግን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኬላርንና የተርስተንን ፖስተሮች በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጧቸዋል፤ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ በስልክ አጉልቶ የእያንዳንዱን ሰይጣን ቀንድ ማየት ይቻላል።

ይበልጣል፦ የመድረክ ዕቃዎቹን አልነካንም።

እመቤት፦ ዕቃ ከወረቀት የሚበልጥ ይመስላል፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ሁዲኒ በ1912 በርሊን ላይ ያሳየው፣ ተገልብጦ በውኃ የሚዘጋበት ሣጥን በ1995 በናያጋራ ፏፏቴ በነበረው ሙዚየም ቃጠሎ አብዛኛው አካሉ ጠፍቷል። ፖስተሩ ግን ዛሬም አለ። ደግሞም ዕቃው ያለ ሠሪው ሣጥን ብቻ ነው፤ ፖስተሩ ተመልካቹ ምን እንዲያምን ይፈለግ እንደ ነበር ይናገራል።

ይበልጣል፦ እንግዲያው ወደ ቤታችን ልመልስሽ። ምትሃተኛ ባይሆንም የእኛዎቹ የመድረክ ሰዎች፣ ለምሳሌ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን፣ በየአውራጃው ሲዞሩ የለጠፉት ማስታወቂያ፣ የበተኑት ወረቀት፣ የሸጡት ቲኬት በማን እጅ ይገኛል?

እመቤት፦ የአሜሪካኖቹን ፖስተር ያተረፈው መጋዘን ነው፤ የእኛም ካለ በአሮጌ ማተሚያ ቤቶችና በጡረታ በወጡ ሠራተኞች ሣጥን ውስጥ ነው መፈለግ ያለበት። ያንን ወረቀት የሚያገኝ አድማጭ ካለ፣ እባክዎን በፕላስተር አይጠግኑት፤ የፕላስተሩ ሙጫ ጊዜ ሲያልፍ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ሊለቅም አይችልም። ባለሙያዎች ከጀርባው ስስ ወረቀትና ጨርቅ የሚያለብሱት በስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ እርሱ በውኃ ይለቅቃል።

ይበልጣል፦ ብራና በማኅደሩ ተሰቅሎ ዘመናት ይኖራል፤ ይህስ ጋዜጣ መሳይ ወረቀት ይሆንለታል?

እመቤት፦ አይሆንለትም። ከእንጨት የሚሠራው ወረቀት በውስጡ አሲድ ስላለ በብርሃንና በሙቀት ይሰባበራል፤ ስለዚህ ሳይታጠፍ፣ ከፀሐይና ከምስጥ ርቆ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ሰጠ በጀርባው ጥግ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ።

ይበልጣል፦ በእስክሪብቶ ቢጻፍስ?

እመቤት፦ በፍጹም። ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል። እርሳስ ይፈለግ።