ሀረጎ ላይ አቅም የሚያጣው ፒክአፕ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው የስልክ መስመራችን ጉዳይ የናፍጣ ፒክአፕ የነዳጅ ግፊት ነው። መልስ የሚሰጡን ደሴ ላይ የናፍጣ ሞተር በመሥራት ረጅም ዓመት ያሳለፉ መካኒክ ናቸው።

ከኮምቦልቻ የደወሉ ሾፌር፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። የምነዳው ሃይሉክስ ነው፤ ባለ 2.5 ሊትሩ፣ ቱኬዲ የሚሉት ሞተር። ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሀረጎን ዳገት ስወጣ ግን አጋማሽ ላይ ይታፈንና ቼክ መብራቱ ይበራል። ዳር ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳው ምንም ያልነካው ይመስላል። የኮምፒውተር መመርመሪያው ስካነር ሲሰካ ፒ 0087 የሚባል የብልሽት ኮድ አወጣ። አንድ ጋራዥ «ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይረው» አሉኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እባክህ ገና ገንዘብህን አታውጣ። ያ ኮድ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት ኮምፒውተሩ ከጠየቀው አንሷል። ሬሉ ናፍጣውን በግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት፣ የሚያከፋፍለው ወፍራም ቱቦ ነው። ኮዱ ለምን እንዳነሰ አይናገርም። አጥፍተህ ስታስነሳው የሚሻለው ደግሞ ችግሩ ስለጠፋ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ቀንሶበት ነበር፤ ስታጠፋው ያንን ገደብ ያነሳል። ዳገቱን ስትቀጥል ይመለስብሃል።

የአንተ ሃይሉክስ ታንኩ ውስጥ ፓምፕ የለውም። ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ራሱ ናፍጣውን ከኋላ ካለው ታንክ በፊልትሮው በኩል ይስባል። ሲስብ የሚያግዘው ታንኩ ውስጥ ያለውን ናፍጣ ከላይ የሚጫነው የአየር ግፊት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ችግሩን ደብቆ የሚጓዝ ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ ሀረጎ ላይ ይጋለጣል፤ ጭነት ስላለ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ይጠይቃል፣ የሚያግዘው አየር ግን እየሳሳ ይሄዳል። ፓምፕ ደግሞ ያልደረሰውን ናፍጣ ሊገፋ አይችልም።

ከርካሹ ጀምር። ፊልትሮውን በጥሩ ፊልትሮ ቀይር፤ አሮጌውን ቅደደውና ውስጡን እይ። ጥቁር ጭቃ ወይም የዝገት ዱቄት ካለ ታንኩም ይታጠባል። ቀጥሎ፣ ሲታፈንብህ አመቺ ቦታ ቁምና የታንኩን ክዳን ክፈት። አየር «ሽሽ» ብሎ ከገባና መኪናው ወዲያው ከተሻለው ክዳኑ ወይም የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ለዚህ ፓምፕ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ መካኒክህ ከፊልትሮው እስከ ፓምፑ ባለው የመሳቢያ መስመር ላይ ግልጽ ቱቦ ይግጠምልህ። ሞተሩ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ አረፋ ካለፈ አየር እየገባ ነው። የመሳቢያ መስመር ተንኮሉ ይህ ነው፤ ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀ ጎማ፣ የላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ)፣ የደረቀ የፊልትሮ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ይፈተሻሉ።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ስካነሩ እንመለሳለን፤ አሁን ግን ለኮድ ሳይሆን ለቁጥር። ሁለት መስመር ጎን ለጎን አውጡ፦ የተፈለገው ግፊትና ትክክለኛው ግፊት። ሞተሩ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ በአብዛኛው ከ250 እስከ 400 ባር መካከል ታገኛለህ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ስካነሩ በኪሎፓስካል ካሳየህ አትደናገጥ፤ 30,000 ኪሎፓስካል 300 ባር ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲኖር ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል። አንድ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሀረጎን እየወጣችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ይከታተል። የተፈለገው ሲወጣ ትክክለኛው ወደ ኋላ ከቀረ፣ የሚቀጥሉት ተጠርጣሪዎች ፓምፑ ላይ ያለው፣ የሚገባውን ናፍጣ የሚመጥነው የመሳቢያ መቆጣጠሪያ ቫልቭና ናፍጣ በብዛት ወደ ታንኩ የሚመልሱ ኢንጀክተሮች ናቸው። ቫልቩ ቆሻሻ ይይዘዋል፤ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ኢንጀክተሮቹን ለመለየት በየመመለሻቸው እኩል ጠርሙስ ይደረግና ሞተሩ ለተወሰነ ደቂቃ ይሠራል፤ ከሌሎቹ በጣም ቀድሞ የሞላው ጠርሙስ ወንጀለኛውን ያሳያል። አንዳንድ ሞተር ላይ መመለሻው ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ስለሆነ እንዲህ አንድ በአንድ መለካት ያስቸግራል፤ ያኔ ኢንጀክተሮቹን አውጥቶ በመፈተሻ ማሽን ማየት ነው። ፓምፕ መቀየር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በአጭር መልእክት፣ ከደሴ ሮቢት ሰፈር፦ የእኔም ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ግን ኮድ የለም፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል።

መልስ፦ ያንተ ሌላ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ደርሷል፣ አየሩ ግን አልበቃውም ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን፣ የቱርቦውን ጎማዎችና ማያያዣዎቻቸውን አስፈትሽ። ናፍጣ ያነሰው ሞተር በአብዛኛው ሳያጨስ ነው የሚደክመው።

ከደሴ የደወሉ እህት፦ ዲማክስ ፒክአፕ ነው ያለኝ። ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል። ባለቤቴ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ሲጫናት ይነሳል። ሌሊት በርዶት ነው ይሉኛል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብርዱን ከመጠርጠርሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ መኪናው አፍንጫውን ወደ የት አዙሮ ነው የሚያድረው?

እህት፦ ወደ ዳገቱ። ደጃችን ዳገት ነው።

መልስ፦ ደሴ ላይ የማን ደጅ ሜዳ ነው! ዛሬ ማታ አዙራችሁ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አቁሙትና ጠዋት ሞክሩት። በዚህ ጊዜ ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ይላል። የእጅ ፓምፗን ሳትነኩ ከተነሳ ነገሩ ግልጽ ነው፦ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ፣ ናፍጣውም ሌሊት ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው። ጠዋት ሞተሪኖው ሲዞር ፓምፑ የሚያገኘው አየር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሬሉ ላይ በአብዛኛው 200 ባር አካባቢ ካላገኘ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም፤ ስለዚህ ባትሪሽን እስክትጨርሺ ብታዞሪውም አይነሳም። ጎማዎቹን፣ የፊልትሮውን ኦሪንግና ራሷን የእጅ ፓምፗን አስፈትሺ፤ የእሷ ውስጥ ላስቲክ ሲደርቅ አየር ታስገባለች።

ብርድ ወይም ካንዴሌታ፣ ማለትም ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው፣ ቢሆን ኖሮ የእጅ ፓምፕ መጫን አይጠቅመውም ነበር። በዚያ ጊዜ ሲዞር ከኋላ ነጭ ጭስ ታያለሽ፤ ናፍጣው ገብቷል፣ አልተቃጠለም ማለት ነው። አደራ፣ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ማስነሻ ጋዝ ካንዴሌታ ባለው ሞተር ላይ አታስረጪ፤ ጊዜውን ሳይጠብቅ ፈንድቶ ፒስተን ይሰብራል።

ከሐይቅ የደወለ ወጣት መካኒክ፦ በአሮጌዎቹ ሃይሉክሶች ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ አንድ በአንድ እያላላን የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ እናውቅ ነበር። በአዲሶቹም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም ልጄ፣ እንዳትሞክረው! ይህን ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል፤ ሳይጠይቅ የሚሞክር ነው የሚያስፈራኝ። የፒክአፕ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ባር ተኩል አካባቢ ነው። ኮመን ሬል በሚባሉት፣ ባለ ሬል አዲሶቹ ሞተሮች ቱቦ ውስጥ ያለው እንደ ሞተሩ ዓይነት እስከ 1,600 እና 1,800 ባር ይደርሳል። ከላላ ቱቦ የሚወጣው ናፍጣ እንደ መርፌ ቆዳን ይበሳል። የሚያንጠባጥበውን ቦታ በጣት መፈለግም ያው ነው። ጣቱን የተወጋ የሙያ ባልደረባ ነበረኝ፤ ነጥብ የምታህል ቀዳዳ ናት፣ አላመመኝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ማታ እጁ አበጠ፣ በማግስቱ ጣቱን አጣ። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ሕመም ባይኖርም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል፤ ለሐኪሙም «በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ ገብቶበታል» ብላችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ተራ ቁስል ይመስለዋል።

የማይሠራውን ሲሊንደር በስካነሩ ለይ፤ ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ የሚያጠፋ ትእዛዝ አለው። የሚፈስ ቱቦ ስትፈልግ ካርቶን ያዝበት። ቱቦ መፍታት ካለብህ ሞተሩን አጥፋና ግፊቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ዙሪያውን አጽዳ፣ የከፈትከውን አፍ ወዲያው ክደን። በዓይን የማይታይ አሸዋ ኢንጀክተር ይገድላል።

በአጭር መልእክት፣ ከኩታበር፦ ናፍጣ ስናጣ በጀሪካን ገዝተን እንቀዳለን። ነጭ ጋዝ ቢቀላቀልበት ምን ያደርጋል? አሁን የፊልትሮ መብራት በርቶብኛል።

መልስ፦ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሳቸው ሌላ ዘይት የለም፤ ራሱ ናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ ብረት ከብረት ያፋጫል። የጀሪካን ናፍጣ የግድ ከሆነባችሁ አስቀምጡት፣ ይጥለል፣ ከላይ ከላዩ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ፤ የታችኛውን ተዉት። መብራቱ አሁን የሚነግርህ ብዙውን ጊዜ ፊልትሮው ሥር ውሃ መጠራቀሙን ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ ከሥሩ ዕቃ አስቀምጥ፣ የታችኛዋን ቡሎን አላላ፣ ውሃው ወጥቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስስ። ዝጋና የእጅ ፓምፗን ጠንክራ እንቢ እስክትልህ ድረስ ተጫናት፤ ከዚያ አስነሳ።