ሠራተኛው ዝግጁ ነው ወይ ከማለታችን በፊት

የተከበራችሁ የባንካችን የሥራ ኃላፊዎች፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ ውድ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የሠራተኞች ለለውጥ ዝግጁነት» ይላል። በዚህ ርዕስ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ተመካሪው ሠራተኛ ነው፤ ይቀበል፣ ይማር፣ አስተሳሰቡን ይቀይር ይባላል። እኔ ዛሬ ፊቴን የማዞረው በይበልጥ ወደ ኃላፊዎች ነው። ሠራተኛ ለለውጥ የሚዘጋጀው ወይም ጀርባውን የሚሰጠው ለውጡ ወደ እርሱ በመጣበት መንገድ እንደሆነ አምናለሁ፤ የመንገዱ ባለቤቶች ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ዘመኑ ምን እያመጣብን እንደሆነ በመስኮት ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ገንዘብ ለመላክ ይሰለፍ የነበረው ደንበኛ በስልኩ መላክ ጀመረ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ወስኖ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጠ፤ ካፒታሉን ያላሟሉ ባንኮች ይዋሃዳሉ የሚል ወሬም አብሮ መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዘርፉን ለውጭ ባንኮች የሚከፍተውን አዋጅ አጸደቀ። በባንክ መስኮት የሚሠራ አንድ ገንዘብ ከፋይ ይህን ሁሉ እየሰማ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ ለውጥ ጠላ አይባልም።

ለመሆኑ የባንክ ሠራተኛ ለውጥ አይወድም ያለው ማን ነው? ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሱታላችሁ፤ ደንበኛ ሒሳብ ከከፈተበት ቅርንጫፍ ውጭ ገንዘብ ማውጣት የማይችልበት ጊዜ ነበር። የሒሳብ ካርዱ ከመሳቢያ ይወጣል፣ ፊርማው ከናሙናው ጋር ይመሳከራል፣ ሂሳቡ በእጅ ይጻፋል፣ ማታ ደግሞ ሚዛኑ እስኪገጥም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ቅርንጫፎች በኔትወርክ ሲተሳሰሩ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰዎች፣ ወረፋ ፊት ለፊታቸው ቆሞ እየጠበቀ፣ አዲሱን አሠራር ተማሩት። ከእነዚህ ሰዎች አቅም ጎደለ የሚል ካለ አልስማማም።

በዚህ ጉዳይ ከተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አንዱ ከልቤ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ማሪዮን በምትባል ከተማ ሃርውድ የሚባል ፒጃማ የሚሰፋ ፋብሪካ ነበር። ሌስተር ኮች እና ጆን ፍሬንች በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የፋብሪካውን ሠራተኞች በቡድን ከፍለው የሥራ ለውጥ ሲደረግባቸው ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። ለአንደኛው ቡድን ለውጡ ተነገረው፣ ምክንያቱ ተብራራለት፣ ጥያቄ እንዲጠይቅም ዕድል ተሰጠው፤ አለቀ። ሌሎቹ ቡድኖች ግን አዲሱ ሥራ እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ራሳቸው ገቡበት፤ አንደኛው በተወካዮቹ በኩል፣ የቀሩት ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ እየተሳተፈ።

ለውጡ ራሱ ትንሽ ነበር። ለመጀመሪያው ቡድን የተተኮሰውን ልብስ በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ መደርደር ቀርቶ በሣጥን ውስጥ መደርደር ማለት ነው። የሆነው ግን ትንሽ አይደለም። ቡድኑ ምርቱ ወረደ፣ ከአለቆቹ ጋር ተጣላ፣ በ40 ቀን ውስጥም 17 በመቶው ሥራውን ለቀቀ። ሁሉም የተሳተፉባቸው ቡድኖች ቶሎ አገገሙ፤ ምርታቸው ከቀድሞው በ14 በመቶ ገደማ በለጠ፤ በእነዚያ ቀናት የለቀቀ ሰው አልነበረም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ከዚያ ከተጣላው ቡድን የቀሩትን 13 ሠራተኞች ሰብስበው ወደ ሌላ አዲስ ሥራ አዛወሯቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሁሉንም አሳትፈው። እነዚያው «አስቸጋሪ» የተባሉት ሰዎች ወዲያው ለመዱ፣ ከቀድሞ ምርታቸውም አለፉ። ጠባያቸው በሁለት ወር ተኩል አልተለወጠም። የተለወጠው አያያዛቸው ነበር።

ይህን ወደ ራሳችን ላምጣው። እኛ ዘንድ ለውጥ የሚመጣው እንዴት ነው? በዋናው መሥሪያ ቤት ጥናት ይጠናል፣ መዋቅር ይወጣል፣ ሰርኩላር ይበተናል፣ ከዚያ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ይዘጋጃል። ሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ራዕይና ስለ ተወዳዳሪነት እየሰማ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ድልድሉ መቼ ነው? እኔ የት እመደባለሁ? ደመወዜስ? ልጆቼ ከሚማሩበት ከተማ ያነሡኛል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስለት ስለ ሌላው ሁሉ ብንነግረው አይሰማንም፤ ሊሰማንም አይገባም። እኛ ዝም ስንል ደግሞ መልሱን ሻይ ቤት ያገኘዋል። ሻይ ቤት የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

«ገና ስላልተወሰነ ምን እንነግራቸዋለን?» የሚል ኃላፊ አጋጥሞኛል። ያልተወሰነውን አልተወሰነም በሉ። መቼ እንደሚወሰን፣ ማን እንደሚወስን፣ በምን መስፈርት እንደሚወሰን ንገሩ። ሰው ክፉ ዜናን ይችላል፤ የማይችለው ባለሥልጣኑ እያወቀ መደበቁን ነው። ሕጉም ቢሆን ዝምታን አይፈቅድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛ በሚቀንስበት ጊዜ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር እንዲመክር ያዛል። እኔ ከሕጉ አልፌ እላለሁ፤ መቀነስ ባይኖርም፣ መስኮት ሲዘጋ ወይም የሥራ መደብ ሲቀየርም እንመካከር።

ሥልጠናን በሚመለከት አጭር ልሁን። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲያስተናግድ ውሎ፣ ማታ ሒሳብ ዘግቶ፣ ደክሞት የሚሰጠው ሥልጠና ሥልጠና አይደለም። በሥራ ሰዓት ይሰጥ፣ ተተኪ ይመደብለት። አዲሱን አሠራር በሚሞክርበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠራው ስሕተትም ከውጤት ምዘናው ነጥብ አይቀነስበት። ይህን ቃል በጽሑፍ ስጡት፤ እጁ ይፈታል።

ለእናንተ ለሠራተኞችም አንድ ነገር አለኝ፤ በፍቅር የምናገረው ነው። የመዋቅር ጥናቱ ሲጀመር ጠይቁ፤ ድልድሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ብዙ ጊዜ አርፍዶ የሚደርስ ነው። በተወካዮቻችሁ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። ደንበኛው በስልኩ ሲጠቀም የት ጋ እንደሚቸገር፣ አረጋውያን የይለፍ ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው ሲነግሩ፣ ነጋዴው በሐሰተኛ የክፍያ ማረጋገጫ ሲታለል የምታዩት እናንተ ናችሁ። ይህን እውቀት ይዛችሁ ኑ፤ ሥራችሁ ወደዚያ እየሄደ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት የአዲሱ አደረጃጀት ጥናት ቡድን አባላት ዝርዝር ይቀርባል። ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፤ ሁሉም ከዋናው መሥሪያ ቤት ናቸው። የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፣ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ከአዲስ አበባና ከክልል ቅርንጫፎች ገንዘብ ከፋዮችና የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች፣ በባልደረቦቻቸው የተመረጡ፣ ሙሉ ድምፅ ያላቸው አባላት ሆነው እንዲጨመሩበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።