የሥዕሎቹ ጀርባ

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሰፈራችን ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይህ ዐውደ ርዕይ የተነሣው ከእናቴ ሣጥን ነው። ልብሷን ስናወጣ ከሥር በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘን። የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች ናቸው፤ መስከረም 1 ማለዳ ወንዶች ልጆች «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» እያሉ በየቤቱ የሚያድሏቸው። አንዱንም አልጣለችም።

እስቲ ይህችን እዩልኝ። ከሒሳብ ደብተር የተቀደደች ናት። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። ክንፉ በቀይ እስክሪብቶ ነው የተሠመረው፤ ዙሪያው ያለው ቢጫ ግን የሱቅ ቀለም አይደለም፣ አደይ አበባ ተፈትጎበት ነው። ከእግሩ ሥር የወደቀውን ሰይጣን ልብ በሉት፤ በጎን የተሣለ፣ ባለ አንድ ዓይን ነው። መልአኩ ግን በሁለቱም ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያየናል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁና ክፉው የሚለዩት እንዲሁ ነው። ልጁ ይህን ከየት አመጣው? እናቱን ተከትሎ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ግድግዳውን እያየ ነዋ ያደገው!

አሁን እንገልብጣት። ያልተጨረሰ የማባዛት ሒሳብ አለ። በአራቱ ማዕዘን የደረቀ የዱቄት ሙጫ፣ ከሙጫው ጋር ተላጦ የመጣ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ። የጭቃ ግድግዳችን በጋዜጣ ይለበድ ነበር፤ እኔ ራሴ ፊደል የለየሁት እሱ ላይ ነው። ሥዕሉ በጋዜጣው ላይ ይለጠፋል፣ ዓመቱን ሙሉ የምድጃ ጢስ ይጠጣል፣ አዲሱ ሲመጣ እናቴ የቆየውን ልጣ ታስቀምጠዋለች።

ልጁ በለውጡ ስሙኒ፣ ቤቱ ከሞላለት ሽልንግ ይቀበላል። ሳንቲም ያጣ ቤት ድፎውን ይቆርስለታል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም አበባና ወፍ ሥለው ይመጡ ነበር፤ እነዚያም እዚህ አሉ። የትኛው ልጅ የማን ደጅ እንደረገጠ፣ ማን ከማን ጋር እንደኖረ የሚናገር ሌላ መዝገብ ሰፈራችን የለውም።

ዛሬ በማተሚያ ቤት የተባዛው ይሸጣል። የሚሸጡትን ልጆች አልወቅስም። የታተመው ግን ጀርባው ባዶ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ስም የተጻፈባቸው ሥዕሎች ጥቂት ናቸው። ከየሥዕሉ ሥር ብጣሽ ወረቀትና እርሳስ አኑረናል፤ የራሳችሁን ወይም የወንድማችሁን እጅ ካወቃችሁ ስሙንና የቤቱን አቅጣጫ ጻፉልን። በየሣጥናችሁ የተቀመጠ ካለም ይዛችሁ ኑ፤ እስከ መስቀል እዚሁ ነን።