«እኔ በምን አቅሜ ላግዘው?» ለምትሉኝ ወላጆች

(ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ለወላጆች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ለንደን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ዛሬ ስለ ኢንግሊሽ ሊትሬቸር፣ ማለትም ስለ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው የማወራው። ልጆቻችሁ በ16 ዓመታቸው ከሚፈተኗቸው የጂሲኤስኢ ትምህርቶች አንዱ ነው። ለምን ይሄን መረጥሽ ብትሉኝ፣ በወላጆች ምሽት ፊቴ የሚቀመጡ ያገሬ ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለሚሉኝ ነው። የሒሳብ መምህሩን ይጠይቃሉ። የሳይንሷን መምህርት ይከራከራሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይልና «የኔ እንግሊዝኛ እዚህ አይደርስም፣ እኔ በምን አቅሜ ላግዘው?» ይላሉ። ይሄ ያሳዝነኛል። ትክክል ስላልሆነ ነው የሚያሳዝነኝ። ለምን እንዳልሆነ እንድታዩልኝ መጀመሪያ ፈተናውን ራሱን ላስተዋውቃችሁ።

እንግሊዝኛ ሁለት ነው። ይሄን ለይታችሁ ያዙልኝ። አንዱ ኢንግሊሽ ላንጉጅ፣ ቋንቋው ነው፣ ሌላው ሊትሬቸር ነው። ለየብቻ ይፈተናሉ፣ ውጤታቸውም ለየብቻ ይመጣል። ውጤቱ ከ9 እስከ 1 ነው። ትልቁ 9 ነው። 4 ካመጣ አልፏል ይባላል፣ 5 ካመጣ ጠንካራ ማለፊያ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባለው በቁጥር የተተካው በፈረንጆች 2017 ነው፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ቀድመው። ታላቅ ልጃችሁ ከዚያ በፊት ተፈትኖ ከሆነ የሱን ልምድ እንዳለ ለታናሹ አትውሰዱ። ያኔ ከፊሉ ውጤት ክፍል ውስጥ ከሚሠራ ሥራ ይመጣ ነበር። አሁን ያ የለም። የተማረው ሁሉ ይር 11 በሚባለው የትምህርት ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በሜይና በጁን፣ ሁለት ወረቀት ላይ ያልቃል።

ፈተና የሚያወጡት ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ኤኪውኤ አለ፣ ኤዴክሴል አለ፣ ኦሲአር አለ፣ ኤዱካስ አለ። የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ የማስተምረው የኤኪውኤን ስለሆነ የምነግራችሁ ቁጥር የሱ ነው፤ የልጃችሁ የትኛው እንደሆነ ግን ሰኞ ጠዋት ጠይቁ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ የሌላ ድርጅት ፈተና ሲለማመዱ ከርመው የሚመጡ ልጆች አጋጥመውኛል።

የመጀመሪያው ወረቀት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፣ ከ64 ይታረማል፣ 40 በመቶ ይይዛል። አንድ የሼክስፒር ቴአትርና አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ አለበት። ሁለተኛው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፣ ከ96 ይታረማል፣ 60 በመቶ ነው። እዚህ ላይ አንድ ዘመናዊ ቴአትር ወይም ልብ ወለድ አለ፣ ክፍል ውስጥ ያጠኗቸው 15 ግጥሞች አሉ፣ ከዚያ ደግሞ አይተውት የማያውቁት ግጥም ይመጣል። አዎ፣ አይተውት የማያውቁት። እዚያው ፈተናው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብበው ይጽፉበታል፣ ከዚያ ሌላ አዲስ ግጥም ይሰጣቸውና ሁለቱን ያወዳድራሉ።

መጽሐፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለሼክስፒሩና ለድሮው ልብ ወለድ ቁራጭ ምንባብ ወረቀቱ ላይ ይታተምላቸዋል፣ ግን ስለ ቀሪው መጽሐፍም መጻፍ አለባቸው። ለዘመናዊው ምንም አይታተምም። ከ15ቱ ግጥሞች አንዱ ይታተማል፣ የሚያወዳድሩበትን ሁለተኛውን ከጭንቅላታቸው ማምጣት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉ ነገር ለሁለት ቀን መተዉ ልክ ነው ብዬ አላምንም። በጥልቀት የሚያስቡ ግን ቀስ ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉኝ። ክፍል ውስጥ ሲናገሩ አፍ ያስከፍታሉ፣ ፈተና ላይ ሰዓቱ ይቀድማቸዋል። ከፊሉ ሥራ በዓመቱ ውስጥ ቢታረምላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ደንቡ እስኪለወጥ ግን ያለው ይሄ ነው፤ ልጆቻችን ለዚህ ነው መዘጋጀት ያለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አራሚው ምን ፈልጎ ነው ነጥብ የሚሰጠው?

ብዙ ወላጅ ስለ ጥሩ እንግሊዝኛ ይመስለዋል። ሰዋስው፣ ስፔሊንግ፣ ትልልቅ ቃላት። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ስንት በመቶ እንደሆኑ ታውቃላችሁ? 5 በመቶ። ዘጠና አምስቱ ሌላ ነገር ነው። ልጁ የራሱ ሐሳብ አለው ወይ፣ ሐሳቡን ከመጽሐፉ በማስረጃ ይደግፈዋል ወይ፣ ጸሐፊው ይሄን ቃል ለምን እንደመረጠ ይገባዋል ወይ፣ ታሪኩ የተጻፈበትን ዘመንና አስተሳሰብ ያውቃል ወይ። ከነዚህ ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የጸሐፊውን ምርጫ መመርመር ነው። በርግጥ አጻጻፉ ግራ የሚያጋባ ከሆነ ሐሳቡም አይታይለትም፣ ይሄን አልክድም። ግን ከፍተኛ ውጤት የሚመጣው ከማሰብ ነው።

አንድ ትልቅ ጥያቄ 30 ነጥብ አለው፣ በስድስት ደረጃ ተከፍሎ ነው የሚታረመው። ታሪኩን ብቻ የተረከ ልጅ ታች ነው የሚቀረው። «ለምን» ብሎ የጠየቀ፣ ጠይቆም የራሱን መልስ የሰጠ ልጅ ወደ ላይ ይወጣል። ደግሞ ስለ ስህተት እየተባለ ነጥብ አይቀነስም። አራሚው ያለውን ጥሩ ነገር ፈልጎ ነው የሚሸልመው። ይሄንን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፣ ከፍርሃት የተነሳ ባዶ ወረቀት የሚሰጡ አሉ።

አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ይር 10 ላይ ያስተማርኩት ያበሻ ልጅ ነበር። ማክቤዝን እያነበብን ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ ማክቤዝ የስኮትላንድ የጦር መሪ ነው፣ ንጉሡ ዳንከን ቤቱ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ያድራል፣ እሱም ሌሊት በተኛበት ይገድለዋል፣ ዙፋኑንም ይይዛል። ልጁ የጻፈልኝ «ማክቤዝ ንጉሡን ስለገደለ መጥፎ ሰው ነው» የሚል ነበር። ልክ ነው። ግን ማንም የሚጽፈው ነው።

«እስቲ ታሪኩን ዛሬ ማታ ለቤተሰብ ተርክ» አልኩት። ለሁሉም ነው የሰጠሁት የቤት ሥራ። እናቱ ወጥ እየሠራች በተሰባበረ አማርኛው ነገራት። እንግዳ ሆኖ መጣ ሲላት፣ በተኛበት ገደለው ሲላት፣ ማማሰያውን አስቀምጣ ዞረች አለኝ። «በገዛ ቤቱ? እንጀራውን በልቶ የተኛውን እንግዳ?» አለች። ከዚያ ምን ሆነ፣ ሚስቱስ ምን አለች፣ ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎችስ እያለች እስከ ማታ አልለቀቀችውም።

በማግስቱ ያመጣልኝ ጽሑፍ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። ሼክስፒር ንጉሡን ጦር ሜዳ ላይ ወይም መንገድ ላይ ማስገደል ይችል ነበር፣ ለምን ቤት ውስጥ፣ ለምን በእንግድነት? ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ማክቤዝ ራሱ ከግድያው በፊት ብቻውን የሚናገረውን አገኘው። ዘመዱ ነኝ፣ ተገዢው ነኝ፣ ደግሞም አስተናጋጁ ነኝ፣ ገዳይ ሲመጣ በር መዝጋት የሚገባኝ እኔ ነኝ እንጂ ቢላ መያዝ አልነበረብኝም ይላል ማክቤዝ። ያች እናት ምድጃ ዳር የተናገረችው ልክ ይሄንን ነው። መስመሩን አላነበበችውም፣ እንግዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ታውቃለች። ልጁ በዚያች አንድ ፓራግራፍ ሁለት ደረጃ ወጣ። ከየት አመጣኸው ስለው «እማዬ ነገረችኝ» አለ።

እንግዲህ እኔ በምን አቅሜ ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ማክቤዝ የተጻፈው በ1606 አካባቢ ነው፣ ንጉሥ ጄምስ ዙፋን ላይ እያለ፣ እሱን ከነምክር ቤቱ በባሩድ ሊያጋዩት የሞከሩበት ሤራ በከሸፈ ማግስት። ያኔ ንጉሥ መግደል እግዚአብሔር የቀባውን መንካት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይሄን ሐሳብ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ለማስረዳት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል። እናንተ «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለውን ቃል እየሰማችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ያባቶቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ የንጉሡ ፎቶ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ተሰቅሎ ያያችሁ አላችሁ። ያንን ተርኩላቸው። አራሚው የዘመኑን አስተሳሰብ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ደግሞ ማክቤዝን በአማርኛ ማንበብ እንደምትችሉ ታውቃላችሁ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተርጉሞታል። ሐምሌትንና ኦቴሎንም እንዲሁ። ሮሚዮና ዡልየትን ከበደ ሚካኤል መልሰውታል። ልጃችሁ በእንግሊዝኛ፣ እናንተ በአማርኛ አንድ ገጽ አንብባችሁ ብታወሩበት፣ የትኛውም የግል አስጠኚ ከሚሰጠው አላሳንሰውም።

ስለ ግጥሙ ልናገር፣ ብዙ ልጆች የሚፈሩት እሱን ስለሆነ። ሠርግ ላይ አንድ ሰው ሁለት መስመር ጣል ሲያደርግ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ሌላው «ምንድነው ያለው?» ብሎ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ቃሉ ተሰብሮ ወርቁ ሲገኝ አብሮ ያጨበጭባል። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅ ሲባል የማይገባው ሰው የለም። አይተውት በማያውቁት ግጥም ላይ የሚጠየቁት ከዚህ የራቀ አይደለም። ቃሉን ያዝ፣ ገልበጥ አድርገህ እይ፣ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። በቅኔ ወርቁ ተቀብሮ የሚገኝ ነው፣ ያገኘው ሰው አገኘ ይባላል። የእንግሊዝኛው ፈተና ግን አንድ መልስ አይፈልግም። ሁለት ልጆች በአንድ ቃል ላይ የተለያየ ነገር ጽፈው፣ ሁለቱም ካስረዱ፣ ሁለቱም ሙሉ ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ «ትክክለኛው ትርጉም ይሄ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። «ሌላስ?» በሉ።

ከ15ቱ ግጥሞች መካከል በልጅነቷ ካገሯ ወጥታ ከተማዋን በፀሐይ ብርሃን ብቻ የምታስታውስ ሴት የምትናገርበት አንድ አለ። የኛ ልጆች እሱን ይወዱታል። አንዷ «ይሄ የኔ ታሪክ አይደለም፣ የእናቴ ነው፣ ግን እናቴ ነግራኝ አታውቅም» አለችኝ። ይሄን ስሰማ ለፈተና ብዬ ብቻ አይደለም፣ እንደ ሰው ነው የነካኝ። ንገሯቸው። ከየት እንደመጣችሁ፣ ምን እንደሚናፍቃችሁ፣ ምን መርሳት እንደምትፈልጉ።

ስለ ማጥናትም አንድ ነገር። ጥቅስ መሸምደድ ግድ ነው። ዳዊት ያስደገሟችሁ አባቶች የቃል ትምህርትን ያውቁበታል፣ እናንተም ድምፅ አውጥቶ መድገም እንደሚረዳ ታውቃላችሁ። ግን አጭር ይሁን። ሦስት አራት ቃል ይበቃል፣ ዋናው በቃሉ ላይ ምን አለ የሚለው ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ሙሉ ኤሴይ ሸምድዶ መሄድ ግን ይጎዳዋል። ጥያቄው ስለ ሥልጣን ሆኖ እሱ የሸመደደውን ስለ ጥፋተኝነት ይዘረግፈዋል። እኛ አራሚዎች አምስተኛው መስመር ላይ እናውቀዋለን፣ ለተጠየቀው ስላልመለሰም ነጥብ መስጠት አንችልም።

ሞክ የሚባለውን የልምምድ ፈተና ሲፈተኑ ውጤቱን ብቻ አትጠይቁ፣ ወረቀቱን አሳየኝ በሉ። መምህሩ ዳር ላይ የጻፈውን አብራችሁ እዩ። ካልገባችሁ ልጁ በአማርኛ ያስረዳችሁ፣ ማስረዳቱ ራሱ ጥናት ነው። ለመምህሩም ኢሜይል ጻፉ። እንግሊዝኛችሁ እንዴት እንደሆነ ማንም አይመዝናችሁም፣ እኔ ራሴ ሁለት መስመር የጻፈልኝን ወላጅ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አልረሳውም።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን አትሜ አስቀምጫለሁ። አንድ አንድ ውሰዱ። በየወረቀቱ ጀርባ በአማርኛ ሦስት ጥያቄ ጽፌበታለሁ፦ ምን ሆነ? ለምን እዚህ ቦታ ላይ ሆነ? ጸሐፊው ሌላ ቃል ቢጠቀም ምን ይለወጥ ነበር? ዛሬ ማታ እራት ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ምን እንዳለ መጥታችሁ ንገሩኝ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፣ እስከ 11 ሰዓት እዚሁ ነኝ።