ዳግም የመገናኘት ዕድል

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር በየሻይ ቤቱ ጆሮዬ የሚገባ አንድ ንግግር አለ፦ «ሰው ከፋ፤ መረዳዳት ቀረ።» ዛሬ ይህን ንግግር በሒሳብ ልሞግተው ነው።

ዳርዊን ያወረሰን እንቆቅልሽ አለ። ራሱን ጎድቶ ሌላውን የሚረዳ ፍጥረት ዘሩ እየመነመነ፣ ራስ ወዳዱ እየበዛ መሄድ አልነበረበትም? እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊሊያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 ዘመዳሞችን በተመለከተ መልስ ሰጠ፦ የዝምድናው መጠን በተረጂው ጥቅም ተባዝቶ ከረጂው ኪሳራ ከበለጠ፣ የመረዳዳት ጠባይ ይስፋፋል። ስለዚህ የባሌዎቹ ቀይ ቀበሮዎች በአብዛኛው ዘመዳሞች ናቸውና የመንጋቸውን እመቤት ቡችሎች ተጋግዘው መመገባቸው አያስደንቅም።

የሚደንቀው የባዳው ነው። በኮስታ ሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች አሉ። ሁለት ሦስት ሌሊት ጦሟን ያደረች ትሞታለች። የጠገበችው ከሆዷ መልሳ ታጎርሳታለች። ጄራልድ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳየው፣ አብረው የሚውሉ ከሆነ ዘመድ ያልሆኑትም ይጎራረሳሉ።

ለምን? ሮበርት አክስልሮድና ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡትን ስሌት በቁጥር ላሳያችሁ። መርዳት ረጂውን 1 ያስከፍለዋል፣ ተረጂውን 3 ይጠቅመዋል እንበል። ሁለት ተረዳጆች በተገናኙ ቁጥር እያንዳንዳቸው 2 ያተርፋሉ። ተረድቶ የማይረዳው አታላይ በመጀመሪያው ቀን 3 ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚረዳው የለም። ከእያንዳንዱ ግንኙነት በኋላ ዳግም የመገናኘት ዕድላቸው ግማሽ ከሆነ፣ በአማካይ ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ተረዳጆቹ 4 አገኙ፣ አታላዩ 3 ላይ ቀረ። ዕድሉን ወደ ሩብ አውርዱት፤ የተረዳጆቹ ትርፍ 2.67 ገደማ ይሆናል፣ አታላዩ ያሸንፋል። ልብ በሉ፣ የማንም ጠባይ አልተለወጠም።

ይህን ሳሰላ ፒያሳ ትዝ ትለኛለች። የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ የሟቹን ስም ይጠራ፣ ድንኳን ይተከል፣ አግዳሚ ይደረደር፣ ንፍሮ ይቀቀል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበታተነ። በአዲሱ ሕንፃ ጎረቤት ለጎረቤት ሳይተዋወቅ ይወጣል፣ ይገባል። ሰው ከፋ የምንለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ፍርድ በጣም ያሳዝነኛል። የወደቀው ዳግም የመገናኘት ዕድል ነው፤ የሰዎቹ ደግነት የትም አልሄደም።

እናቴ አሁንም ታክሲ እየቀያየረች ለኢድሯ ወርኃዊ ስብሰባ ትመጣለች። መዋጮውን በስልክ መላክ ትችል ነበር። ብዙዎች ናፍቆት ይሉታል፤ እኔ ግን እርሷና ባልንጀሮቿ የወደቀውን ቁጥር በእጃቸው እያነሡት ይመስለኛል።

ሌላም በር አለ። ማርቲን ኖዋክና ካርል ዚግመንድ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ ዳግም የማይገናኙ ሰዎችም ሊረዳዱ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው የረጂው መልካም ስም ቀድሞት መድረሱ ነው። ስሙ የመታወቁ ዕድል፣ ኪሳራው ለጥቅሙ ተካፍሎ ከሚገኘው ቁጥር መብለጥ አለበት። በእኛ ምሳሌ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ማለት ነው። ታዲያ በአዲሶቹ ሰፈሮች ያንን ስም ማን ያደርሰዋል? ጡሩምባ ነፊ የሌለው ሕንፃ ስንት ሰው በስሙ ያውቃል? በሚቀጥለው ክፍል ከዚህ እንነሣለን።