የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጋምቢያ፣ ዛምቢያ ወይስ ጋምቤላ?

በዚህ ሳምንት በስልክ የገቡት ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንዲት ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገር፣ ስለ ጋምቢያ ነበሩ። መልስ የሰጡን እንግዳ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በአህጉራዊ ስብሰባዎች ምክንያት ወደ ባንጁል በተደጋጋሚ ተመላልሰዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከጎንደር፣ አንዲት እናት)፦ የልጅ ልጄ ስለ ጋምቢያ ጽፈህ ና ተብሎ መጣ። እኔ ጋምቤላ መስሎኝ ስለ ባሮ ወንዝ ስተርክለት አመሸሁ። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ዛምቢያ ናት ይለዋል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እማማ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ግን ብቻችሁን አይደላችሁም። በ1964 ዛምቢያ ነጻ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ የጋምቢያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የቦታ ስሞችን ለሚወስነው የእንግሊዝ ኮሚቴ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በአገሪቱ ስም ፊት የቆመችው «ዘ» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል እንዳትነሣ የሚጠይቅ ነው። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አዲሲቱ ዛምቢያ ከእኛ ጋር ልትምታታ ነው የሚል ነበር። ዛሬም በይፋ የምትጻፈው «ዘ ጋምቢያ» ተብላ ነው።

ስለ ባሮ መተረክዎም ከንቱ አልቀረም። ጋምቤላም እንደ ጋምቢያ እንግሊዞች ወንዝ ተከትለው የንግድ ጣቢያ ያቋቋሙባት ቦታ ናት። ልዩነቱ፣ በባሮ ዳር የሰፈሩበትን መሬት በ1902 ውል ከዳግማዊ ምኒልክ መከራየታቸው ነው፤ ጋምቢያን ግን ቅኝ ገዟት።

ልጁ ደብተሩ ላይ ይህን ይጻፍ፦ ስፋቷ 11,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴቶቹን ትተን በአፍሪካ ዋና ምድር ካሉት አገሮች ሁሉ የመጨረሻዋ ትንሽ ናት። የጋምቤላ ክልል ከእጥፏ በላይ ይሰፋል፤ ዛምቢያ ደግሞ ከስልሳ ጋምቢያ በላይ ትውጣለች። በ2024 ቆጠራ ሕዝቧ 2.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችው በ1965 ነው። የመንግሥት ሥራ በእንግሊዝኛ ይካሄዳል፤ በየቤቱና በየገበያው ግን ማንዲንካ፣ ፉላ፣ ወሎፍና ጆላ ይነገራሉ። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ያህል ሙስሊም ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ የከባድ መኪና ሾፌር)፦ ካርታ ላይ ሳያት በሴኔጋል ሆድ ውስጥ የተሰካ ጣት ትመስላለች። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የከለላት?

መልስ፦ ወንዙና ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት። የጋምቢያ ወንዝ ከጊኒ የፉታ ጃሎን ተራሮች ተነሥቶ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አትላንቲክ ይገባል። መርከብ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ወንዝ ለነጋዴ ሲሳይ ነውና እንግሊዞች አፉን ይዘው አንለቅም አሉ። ዙሪያውን ያለው አገር ደግሞ የፈረንሳይ ሆነ። በ1889 ፓሪስ ላይ ሲስማሙ፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ለእንግሊዝ ተተወ። ባገሬው የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ አንዲት የእንግሊዝ የጦር ጀልባ ወንዙን ሽቅብ እየወጣች መድፍ ስትተኩስ፣ ጥይቱ የወደቀበት ሁሉ ድንበር ሆነ ይላሉ። ተረት ነው። ድንበሩ የወንዙን መጠማዘዝ ተከትሎ ሲጠማዘዝ ላየ ግን ተረቱን ማመን አይከብድም።

እንዲህ የተቀደደች አገር ርዝመቷ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወርዷ ሰፋ በሚልበት ቦታ እንኳ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሦስት በኩል ሴኔጋል፣ በአንድ በኩል ባሕር። ባንዲራዋን ቢያዩ፣ መሐል ላይ የተዘረጋው ሰማያዊ መስመር ይኸው ወንዝ ነው።

ጉዳዩን እርስዎ በሙያዎ ከእኔ በላይ ይረዱታል። ከዳካር ጭነው በደቡብ ሴኔጋል ወዳለችው ዚጊንሾር ይሄዳሉ እንበል። መነሻውም መድረሻውም ሴኔጋል ነው፤ መንገዱ ላይ ግን ጋምቢያ ተጋድማለች። ወይ እሷን ይሻገራሉ፣ ወይ በምሥራቅ በታምባኩንዳ ዞረው መቶዎች ኪሎ ሜትር ይጨምራሉ። ለመሻገር ደግሞ ፋራፌኒ አጠገብ የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ መጠበቅ ነበረብዎት። ጀልባው ሲበላሽ ወረፋው ቀናት ይፈጅ ነበር፤ አትክልትና ፍራፍሬ የጫነ ሾፌር ሸቀጡ ዓይኑ እያየ ይበሰብስበታል።

ይህን ሁሉ ሽሽት በባሕር የሚሄደው ብዙ ነበር። በ2002 ሴፕቴምበር ወር ከዚጊንሾር ወደ ዳካር ስትጓዝ የነበረችው ጆላ የተባለች መርከብ ከጋምቢያ ጠረፍ ማዶ ተገልብጣ ከ1,800 በላይ ሰው አለቀ። መርከቧ የተሠራችው 580 ሰው ያህል እንድትይዝ ነበር። ስለ ቅኝ ግዛት ድንበር ጣጣ በክፍል ውስጥ ሳስተምር ከበርሊን ጉባኤ በፊት የማነሣው ይህችን መርከብ ነው።

ጀልባውን የተካው የወንዙ ድልድይ የተመረቀው በጃንዋሪ 2019 ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሁለቱ አገሮች ቀደም ሲል፣ ከ1982 እስከ 1989፣ ሴኔጋምቢያ የሚባል ኮንፌዴሬሽን መሥርተው ነበር፤ አልሰመረም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ)፦ ዋና ከተማዋ ማን ናት? ትልቋ ከተማስ እሷ ናት?

መልስ፦ ዋና ከተማዋ ባንጁል ናት፤ ትልቋ ግን አይደለችም፣ ልጄ። ባንጁል ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ያለች ደሴት ላይ ስለ ተቆረቆረች መስፊያ የላትም። በ2013 ቆጠራ ነዋሪዋ 31,000 ያህል ብቻ ነበር። ሰዉ የተከማቸው ከደሴቷ ማዶ ሴሬኩንዳ በሚባለው አካባቢ ነው። እንግሊዞች በ1816 የባሪያ ንግድን ለመቆጣጠር ሲመሠርቷት ባትረስት ብለዋት ነበር፤ ባንጁል የተባለችው በ1973 ነው። ይህንንም ጨምርበት፦ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ1987 የተመሠረተው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ መቀመጫው ግን ባንጁል ሆነ። የመብቶቹም ቻርተር «የባንጁል ቻርተር» እየተባለ ይጠራል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ መምህርት)፦ ጋምቢያውያን የሚመርጡት በብይ ነው ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው እውነት?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ልጆች የሚጫወቱባት የመስታወት ብይ። ዘዴው በ1960ዎቹ የመጣው አብዛኛው መራጭ ማንበብ ስለማይችል ነበር። መራጩ ስሙ ተመሳክሮ ጣቱን ቀለም ከነከረ በኋላ አንዲት ብይ ይሰጠዋል። ወደ መጋረጃው ሲገባ በርሜሎች ተደርድረው ያገኛል፤ እያንዳንዱ በርሜል የተወዳዳሪው ቀለም ተቀብቶ ፎቶው ተለጥፎበታል። ብይዋን በፈለገው በርሜል ቱቦ ይለቃታል። ወርዳ ከውስጥ ያለውን ደወል ስትመታ አንድ ጊዜ ያቃጭላል፤ ውጭ የተቀመጡት አስመራጮች ጆሯቸውን ቀስረው ይሰማሉ። ሁለት ጊዜ ካቃጨለ ሰውየው ሌላ ብይ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። ብይዋ ከደወሉ በኋላ ድምፅ እንዳታሰማ በርሜሉ ግርጌ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይደረጋል። በምርጫ ቀን በጣቢያው አቅራቢያ ብስክሌት አይነዳም፤ ደወሉ ያምታታላ! ቆጠራውም ደስ ይላል፤ ብዮቹ ሁለት መቶ ወይም አምስት መቶ ቀዳዳ ባለው ትሪ ላይ ይፈስሳሉ፤ ቀዳዳው ከሞላ ቁጥሩ ሞላ።

ይህን ያህል ያተትሁት ለጨዋታ አይደለም። ያህያ ጃሜ በ1994 የ29 ዓመት የመቶ አለቃ ሳሉ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው፣ አላህ ከፈቀደ አንድ ቢሊዮን ዓመት እገዛለሁ እስከ ማለት የደረሱ ሰው ናቸው። በዲሴምበር 2016 ያሸነፏቸው አዳማ ባሮው፣ ወጣት ሳሉ ለንደን ውስጥ በሱቅ ጥበቃነት ሠርተው ያውቃሉ። ባሮው 43.3 በመቶ፣ ጃሜ 39.6 በመቶ አገኙ። ብይ ብቻዋን አምባገነን ጣለች ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተቃዋሚዎች በአንድ እጩ ዙሪያ መሰባሰባቸውና ድምፅ እዚያው በየጣቢያው መቆጠሩ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ጃሜ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ ብለው፣ ሳምንት ሲሆን ሐሳባቸውን ለወጡ። ባሮው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ዳካር በሚገኘው የአገራቸው ኤምባሲ ውስጥ ነው፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 2017። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦር ድንበር ሲሻገር ጃሜ በሁለተኛው ቀን ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄዱ። በ2021 ምርጫም ድምፅ የተሰጠው በብይ ነው።

ጥያቄ (ከሪያድ፣ የቤት ሠራተኛ)፦ በምን ይተዳደራሉ? ነዳጅ አላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከነዳጅ ይልቅ እንደ እርስዎ ያሉ ልጆቿ ናቸው የያዟት። ውጭ ያሉ ጋምቢያውያን የሚልኩት ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሆናል። ገበሬው ለውዝ ይዘራል፤ በቅኝ ግዛት ዘመን አገሪቱ የምትታወቀው በለውዝ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም የቤት ወጡ ዶሞዳ የሚሠራው በተፈጨ ለውዝ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ሩዝ ላይ ይፈስሳል፣ እኔ ከሽሮ ጋር አመሳስየዋለሁ። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ የስዊድን ቱሪስቶች በር ከፈቱ፤ አውሮፓ ሲበርዳት ባሕር ዳርቻው ይሞላል። ገንዘቧ ዳላሲ ይባላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የኳስ አፍቃሪ)፦ በ2022 በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ እኛ ከምድብ ስንወድቅ እነሱ ሩብ ፍጻሜ እንዴት ገቡ?

መልስ፦ ቁስል ነካህ! ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፉት ያኔ ነው፤ ከተካፋዮቹ ሁሉ በደረጃ የመጨረሻዎቹ ነበሩ። ቱኒዚያን 1 ለ 0፣ ጊኒን 1 ለ 0 አሸንፈው በአስተናጋጇ ካሜሩን 2 ለ 0 ተሸነፉ። የያኔው አሠልጣኛቸው ቶም ሴይንትፊት በ2011 ለጥቂት ወራት የእኛን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነው ቤልጂጋዊ ነው።

ጥያቄ (ከጅማ፣ ስሟን ያልነገረችን)፦ ቡና ይጠጣሉ?

መልስ፦ ከቡና ይልቅ አታያ ላይ ነው ነፍሳቸው። አረንጓዴ የቻይና ሻይ ነው። ከሰል ባለባት ትንሽ ምድጃ ላይ ትንሽ ጀበና መሳይ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል፤ የሚያፈላው ወጣት ሻዩን ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ከከፍታ እያንቆረቆረ አረፋ ያወጣለታል። አንድ ጊዜ ብቻ አይጠጣም፤ በዚያው ቅጠል ላይ ስኳር እየተጨመረ ሦስት ጊዜ ይፈላል። መጀመሪያው ይመራል፤ ሦስተኛው ቀላልና ጣፋጭ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ነገርኋቸው፤ አፍይው ልጅ ደግሞ አስደገመኝና «በረካ» የምትለዋን ይዞ ቀረ፤ በእነሱም ዘንድ ያው በረከት ናትና። ሦስተኛው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ስብሰባዬም አመለጠኝ።